ሲያንኳኳ የሚሮጡት

ወንዶቹ የት ሄዱ?

ውዳሴ ይህን መጠየቅ ከጀመረች ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው፤ መልስ ግን የላትም። ከአዲስ አበባ ዳር፣ ከለቡ በላይ፣ ድንጋይ ፈላጮች ከሚሠሩበት ደረቅ ተዳፋት ላይ፣ አርባ አንድ ሸረሪት ለቅማለች። አርባ አንዱም ሴቶች ናቸው። ለምልክት እንኳ አንድ ወንድ የለም።

ሸረሪቷ ድር የምታደራ አይደለችም፤ የመሬት ናት። ቀኑን ከድንጋይ ሥር ነጭ ከረጢት ፈትላ፣ ተጠቅልላ ትውላለች። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ትወጣና ጉንዳኑንም ትንኙንም በእግሯ አባርራ ትይዛለች። ከአተር አትበልጥም። መልኳ አመድማ ነው፤ ጀርባዋ ላይ ሦስት ነጫጭ ነጥቦች አሏት፤ ከሆዷ ጫፍ ደግሞ የሐር ማውጫዎቿ እንደ ሁለት ትንንሽ በርሜሎች ወደ ኋላ ወጣ ብለው ይታያሉ። ውዳሴ መጀመሪያ ያየቻት ቀን፣ ሌኒንግራድ ሰባት ዓመት ስትማር ካገላበጠቻቸው መጻሕፍት በአንዱም ውስጥ እንደሌለች ልቧ ነግሯት ነበር። ግን በልብ ምስክርነት ዝርያ አይመዘገብም።

ሸረሪትን መልኩን አይተው ይሄ እንትን ነው አይሉትም። ሴቷ የምትለየው ከሆዷ ሥር ባለች ጠንካራ ቁራጭ ነው፤ ወንዱ ደግሞ ከአፉ አጠገብ ባሉት ሁለት አጫጭር እጆቹ ጫፍ። ሁለቱ እንደ ቁልፍና እንደ ጓጉንቸር ናቸው፤ የአንዱ ዝርያ ቁልፍ የሌላውን አይከፍትም። ውዳሴ እጅ ያለው ጓጉንቸሩ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ አንድ ከሱዳን የተገኘች፣ ቀድሞ የታወቀች ሸረሪት ካላት ጋር በጣም ይመሳሰላል። ልዩነቱን አይቻለሁ ትላለች፤ አንዳንድ ቀን ማይክሮስኮፑን ስትዘጋ ግን ያየችው ልዩነቱን ይሁን ምኞቷን እርግጠኛ አትሆንም።

በዚህ ላይ የፈረንጁ ደብዳቤ አለ። አውሮፓ ውስጥ በአንድ ትልቅ ሙዚየም የሚሠሩ፣ በመሬት ሸረሪት አንቱ የተባሉ ሽማግሌ ናቸው። ውዳሴ ስድስት ሴቶች በጠርሙስ አድርጋ ልካላቸው፣ ከስምንት ወር በኋላ የመጣላት መልስ አራት መስመር ነበር።

«የላክሻቸው ከአርባ ዓመት በፊት እኔ ራሴ ከሱዳን የገለጽኩት ዝርያ ናቸው። የሚታየው ትንሽ ልዩነት የአገሩ ድርቀት ያመጣው ነው። ወንድ ካልተገኘ በቀር ጉዳዩን እንደተዘጋ ቁጠሪው። እንዲህ ያለውን ለመለየት በእናንተ ዘንድ መሣሪያው ያለ አይመስለኝም።»

የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ውዳሴ በቃሏ ይዛታለች። አውቶቡስ ስትጠብቅ ትዝ ትላታለች፤ ፊቷን ስትታጠብ ትዝ ትላታለች።

የምትሠራበት ትንሽ ሙዚየም ኃላፊ ጋሽ አባይነህ ደብዳቤውን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ። ረጋ ያሉ፣ ክፉ የማይወጣቸው ሰው ናቸው፤ ሆኖም ማንኛውም ወረቀት ሲቀርብላቸው መጀመሪያ የሚጠይቁት «ፈረንጁ ምን አለ?» ብለው ነው።

«እኔ አምንሻለሁ፣ ውዳሴ» አሏት። «ዓመታዊ መጽሔታችን ግን ሰኔ ዐሥራ አምስት ማተሚያ ቤት ይገባል። እስከዚያ ይህን ደብዳቤ የሚያፈርስ ነገር ካላመጣሽ ጽሑፍሽን ላወጣው አልችልም። አዲስ ዝርያ አገኘን ብለን ነገ ቢስቁብንስ?»

ጊዜው ሚያዝያ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ስድስት ነው። ሰኔ ዐሥራ አምስት ቅርብ ነው። ውዳሴ ለማንም ያልነገረችው ሌላ ነገር ደግሞ ነበር፤ የሌኒንግራድ ፕሮፌሰሯ ቬራ ፓቭሎቭና «የሥራ ቦታሽ እስከ መስከረም ይጠብቅሻል» ብለው ጽፈውላታል። ሸረሪቷ የሷ ካልሆነች ልትሄድ ቆርጣለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ድንጋይ ስታገላብጥ ከርማ የሌላ ሰው ሸረሪት ነው የለቀምሽው ከተባለች፣ እዚህ ምን ታደርጋለች?

ጎፋ ያለው የእናቷ ቤት ውስጥ፣ ከአልጋዋ ሥር፣ ከሌኒንግራድ ያመጣችው ሻንጣ በገመድ እንደታሰረ ተቀምጧል። እናቷ ወይዘሮ አረጋሽ ሲጠርጉ መጥረጊያው ይመታዋል፣ በመታው ቁጥርም ይናገራሉ።

«ይሄን ነገር የምትፈቺው መቼ ነው?»

«አንድ ቀን እፈታዋለሁ እማዬ።»

«ሁለት ዓመት እኮ ነው! ቤትሽ ውስጥ እንግዳ ነሽ እንዴ? የሰው ልጅ ከራሽያ ባል ይዞ ይመጣል፣ አንቺ ባዶ ጠርሙስ ለቅመሽ መጣሽ።»

«ባዶ አይደለም።»

«እሱንም አውቃለሁ! ሰፈሩ ምን እንደሚልሽ ሰምተሻል? ‹የአረጋሽ ልጅ ራሽያ ሄዳ መጠጥ ለምዳ መጣች› ነው የሚልሽ። በየሳምንቱ ዳግም አረቄ በጠርሙስ ስታስቀጂ ምን ይበሉ?»

«ለሸረሪቶቹ እኮ ነው። ሙዚየሙ አልኮል አልቆበት።»

«ይባስ! ለሸረሪት አረቄ!» ብለው ወይዘሮ አረጋሽ እጃቸውን አጨበጨቡ፤ ወዲያው ግን ጎረቤት እንዳይሰማ ብለው ሳቃቸውን በነጠላቸው አፈኑት።

ውዳሴ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማለዳ፣ ከጎፋ ተነስታ በላፍቶ በኩል በእግሯ ለቡ ትወጣለች። እዚያ ድንጋይ የሚፈልጡት ኦቦ ቀጄላ ናቸው። ዕድሜያቸው ሃምሳን አልፏል፤ መዳፋቸው ከሚፈልጡት ድንጋይ አይለይም። ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ከተዳፋቱ በታች በኩል ተቀምጠው የሚንከባለለውን ጠጠር በቅርጫት ይለቅማሉ። ኦቦ ቀጄላ ውዳሴን «ሐኪሟ» ይሏታል። ከሸረሪት መድኃኒት ትቀምማለች ብለው ያምናሉ፤ አይደለም ብትላቸውም ደብቃ ነው እንጂ ይላሉ።

በዚያ ተዳፋት ላይ አንድ ደንብ አለ። ማንም ሰው ሳያንኳኳ ድንጋይ አያነሳም። ኦቦ ቀጄላ በመዶሻቸው እጀታ ድንጋዩን ሦስት ጊዜ መታ መታ ያደርጉና በኦሮምኛ «ተነሱ፣ ተነሱ» ይላሉ። ከዚያ ሰው አንዴ በደንብ እስኪተነፍስ ይጠብቃሉ። ከዚያ ነው የሚፈነቅሉት። እባቡም ጊንጡም መንገዱን ይዞ ይሂድ ነው ነገሩ። ታላቅ ወንድማቸው ለሜሳ አንድ ቀን ቸኩሎ ሳያንኳኳ ባነሳው ድንጋይ እባብ ነድፎት፣ እስከ ዛሬ ቀኝ እጁ አይታጠፍለትም።

ውዳሴ የመጀመሪያ ቀኗ ድንጋይ ልታነሳ ስትጎነበስ ኦቦ ቀጄላ ጮኸውባት ነበር።

«አንቺ ልጅ! የሰው ቤት ሳታንኳኪ ነው የምትገቢው?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ታንኳኳለች። ብቻዋን ስትሆንም ታንኳኳለች። እንዲያውም ትወደዋለች፤ ሌኒንግራድ ያላስተማራት፣ አገሯ ስትገባ ያገኘችው አንድ ነገር ቢኖር ይኸው ነው። አንዳንዴ ከኦቦ ቀጄላ ቀድማ «ተነሱ» ትላለች፣ እሳቸውም «ገባሽ ማለት ነው» ብለው ይስቃሉ።

ግንቦት ሲጋመስ፣ አንድ ዓርብ፣ ማለዳውን ሃያ ድንጋይ ገልብጠው ሦስት ሴቶች አገኙ። ውዳሴ ጠርሙሱን ከድና መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ኦቦ ቀጄላ፣ ከእንግዲህ ብዙም አልመጣም መሰለኝ።»

«ምነው? አስቀየምንሽ?»

«ኧረ የለም። ወንዱን ካላገኘሁ ሥራዬ አልቋል። ወንድ ከሌለ አያምኑኝም።»

ኦቦ ቀጄላ ግራና ቀኝ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ወንዱማ ለብሔራዊ ውትድርና ተጠርቶ ይሆናል።»

«ዝም በል አንተ ሰውዬ! ይሄ አፍህ አንድ ቀን ያስበላሃል» አሉ አዴ ጫልቱ ከታች። ጠጠራቸውን ቅርጫት ውስጥ ጥለው ቀና አሉ። «ውዳሴ ኮ» አሏት፤ የኔ ውዳሴ ማለታቸው ነው። «ይሄ ወንድ የምትይው ምን ይመስላል?»

ውዳሴ ልትመልስ አፏን ከፈተችና ቆም አለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ለፈረንጁ ጽፋለች፣ ለጋሽ አባይነህ አስረድታለች፤ እዚህ ተዳፋት ላይ ውለው ለሚያድሩት ሴት ግን ወንዱ ምን እንደሚመስል አንድም ቀን ነግራቸው አታውቅም።

«ከሴቷ ይቀጥናል። እግሩ ይረዝማል። ከአፉ አጠገብ ሁለት ጡጫ የጨበጠ ይመስላል።»

«አመድማ ነው?»

«አዎ።»

«ሯጭ?»

«በጣም።»

«እነዚያማ እግሬን ረግጠውኝ ነው የሚያልፉት!»

ውዳሴ ተነሳች። «መቼ?»

«መቼ ትለኛለች እንዴ! ይሄ ሰውዬ ባንኳኳ ቁጥር ነዋ። እናንተ ከላይ ሆናችሁ ታነሳላችሁ። እኔ ከታች ነኝ። ቋ ቋ ቋ ሲያደርግ በታች በኩል ሾልከው ውልቅ ይላሉ። በተለይ እንዲህ ዝናብ ጠብ ካለ በኋላ።»

«አዴ ጫልቱ! ለምን አልነገሩኝም?»

«አልጠየቅሽኝማ። ደግሞ አንቺ የምትይዢው ቁጭ ያሉትን ነው። የሸሸውን የማትፈልጊ መሰለኝ።»

ውዳሴ መዶሻውን አየች፣ ድንጋዩን አየች፣ የራሷን እጅ አየች። ሴቷ እንቁላሏን ከረጢት ውስጥ ታቅፋ ተቀምጣለች፤ ቢያንኳኩባትም ጥላ አትሄድም። ወንዱ ግን ምን ይዞት? መሬቱ ሲንቀጠቀጥ እግሬ አውጪኝ ይላል። እሷ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ ድንጋዩን ሁሉ ሦስት ሦስት ጊዜ እየመታች፣ «ተነሱ» እያለች፣ የምትፈልገውን በጨዋ ደንብ ስታሰናብተው ኖራለች። ፊቷ በአፍረት ጋለ። ለፈረንጁ ደብዳቤ የነበራት ቁጣ እንኳ ለጊዜው ጠፋ፤ ይህን ስህተት ከእሷ በቀር የሚሠራ የሸረሪት ሊቅ በዓለም ላይ አልነበረም።

«ኦቦ ቀጄላ፣ እባክዎ ይሄን ሳያንኳኩ ያንሱልኝ» አለች።

ኦቦ ቀጄላ መዶሻቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። «አይሆንም።»

«አንድ ድንጋይ ብቻ።»

«ለሜሳም ያነሳው አንድ ድንጋይ ብቻ ነበር።»

«እንግዲያው እኔ ላንሳው» ብላ ጎንበስ ስትል ኦቦ ቀጄላ እግራቸውን አንስተው ድንጋዩ ላይ አሳረፉ። አልተቆጡም፤ ይህ ደግሞ ከቁጣ የባሰ ነበር።

«ይሄ የኔ ሥራ ቦታ ነው፣ ልጄ። እዚህ ሰው አይነደፍም። ሳታንኳኪ ማንሳት ካማረሽ ሌኒንግራድሽ ሄደሽ አንሺ።»

ውዳሴ ጠርሙሷን ይዛ ወረደች። ላፍቶ እስክትደርስ ድረስ ተናደደች፤ ከላፍቶ ወዲህ ግን እርምጃዋ እየቀነሰ መጣ። ወንዶቹ የሚወጡት ስለሚንኳኳ ነው። ባይንኳኳ ኖሮ እንደማንኛውም ሸረሪት በየስንጥቁ ተጣብቀው ይቀሩ ነበር። ማንኳኳቱ ወንዱን አላጠፋባትም፤ ከቤቱ አስወጥቶ ሰጥቷት ነበር። የተሳሳተችው የቆመችበት ወገን ነው። የሚያስቸግረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አመድማ ሸረሪት አመድማ አፈር ላይ ሲሮጥ አይታይም። ነጭ ነገር ያስፈልጋል፤ ሰፊ፣ ንጹሕ ነጭ ነገር።

ቤት ገብታ ከአልጋዋ ሥር ሻንጣውን ሳበችና ገመዱን በቢላ ቆረጠችው። ወይዘሮ አረጋሽ ከበሩ ቆመው ያያሉ። ከላይ ካፖርት፣ ከካፖርቱ ሥር መጻሕፍት፣ ከመጻሕፍቱ ሥር ደግሞ ቬራ ፓቭሎቭና ለስንብት የሰጧት፣ እጥፋቱ ያልተፈታ ነጭ አንሶላ ነበር።

«ተፈታ?» አሉ እናቷ።

«ተፈታ።»

«ይሄን የመሰለ አንሶላ የት ልትወስጂው ነው?»

«ድንጋይ ሥር ላነጥፈው ነው።»

ወይዘሮ አረጋሽ ልጃቸውን ከላይ እስከ ታች አዩና፣ «እንግዲህ እኔ ምን እላለሁ» ብለው ቁርስ የምትሆናት ዳቦ ሊጠቀልሉላት ሄዱ።

በማግስቱ ውዳሴ ከነአንሶላዋ ተመለሰች። ከአንድ ትልቅ ድንጋይ በታች በኩል፣ አዴ ጫልቱ አጠገብ፣ አንሶላውን ዘርግታ በሆዷ ተኛች፤ በእጇ ትንሽ የመስተዋት ብልቃጥ ይዛለች።

«ያንኳኩ፣ ኦቦ ቀጄላ» አለች። «እንደ ልማድዎ።»

ሽማግሌው ለአፍታ አዩዋት። ከዚያ መዶሻቸውን ገለበጡት።

የመጀመሪያው ድንጋይ ባዶ ሆነ። ከሁለተኛው አንድ ጊንጥ ጭራውን ሰቅሎ እየተንጎራደደ አንሶላው ላይ ወጣ፤ አዴ ጫልቱ «ይኸው ወንድ!» ብለው በሳቅ ሞቱ። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ አምስተኛው ከጉንዳን በቀር ምንም የለውም። የውዳሴ ክርን ተላላጠ። ስድስተኛውን ድንጋይ ኦቦ ቀጄላ መታ መታ መታ አድርገው «ተነሱ» ሲሉ፣ ከሥሩ አንድ ቀጭን ነገር እንደ ተወረወረ ክር ነጩ ላይ ተፈናጠረ።

«ያውና!» አሉ አዴ ጫልቱ።

ውዳሴ ብልቃጡን ደፋችበት። ክዳኑን በሥሩ አሾልካ ዘጋችና፣ ማጉያ መስተዋቷን ዓይኗ ላይ አድርጋ ወደ ብርሃን አነሳችው። ጀርባው ላይ ሦስት ነጫጭ ነጥቦች። ከሆዱ ጫፍ ሁለት በርሜሎች። ከአፉ አጠገብ ሁለት የተጨበጡ ጡጫዎች።

«ምነው? ሞተብሽ?» አሉ ኦቦ ቀጄላ ከላይ።

«ኧረ አለ! ደህና ነው! እሱ ነው!» ብላ ጮኸችና አዴ ጫልቱን ጉንጫቸው እስኪቀላ ሳመቻቸው። ከቀትር በፊት ሁለት ሌሎች ወንዶች ያዙ። ኦቦ ቀጄላ ከዚያ በኋላ ሲያንኳኩ እጃቸው ትንሽ ከፍ እያለ ነበር የሚመታው፤ አመታታቸውም የበዓል ከበሮ መሰለ።

«እንግዲህ ማንኳኳት ደግ ነው አይደል፣ ሐኪሟ?»

«ደግ ነው፣ ኦቦ ቀጄላ።»

ሰኞ ጠዋት ጋሽ አባይነህ ቢሮ ሲገቡ ማይክሮስኮፑ ጠረጴዛቸው ላይ ነበር። አጠገቡ ፈረንጁ ከአርባ ዓመት በፊት በእጃቸው የሣሉት የሱዳኑ ወንድ ሥዕል ተዘርግቷል።

«ወንድ አገኘሁ» አለች ውዳሴ። «ሦስት።»

«ጎበዝ! እንግዲያው ዛሬውኑ እንላክላቸውና ይዩት።»

«ስምንት ወር፣ ጋሽ አባይነህ። መጽሔቱ አይጠብቅም። እርስዎ ራስዎ ይዩት።»

«እኔ እኮ የሸረሪት ሰው አይደለሁም።»

«ዓይን አለዎት።»

ጋሽ አባይነህ መነጽራቸውን አውልቀው ጎንበስ አሉ። ረጅም ጊዜ አዩ። ወደ ሥዕሉ ዞሩ፣ ተመልሰው አዩ። ሁለተኛውን አስቀየሩ፣ ሦስተኛውንም።

«የሳቸው ሸረሪት እጁ ጫፍ ላይ ያለው እሾኽ አጭርና ቀጥ ያለ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ይሄ እንደ ማጭድ ቆልመም ያለ ነው።»

«አዎ።»

«ሦስቱም ላይ።»

«ሦስቱም ላይ።»

«ይሄማ ሌላ ነው!» ጋሽ አባይነህ ቀና ብለው ወንበራቸውን ደገፍ አሉ፤ ፊታቸው ላይ ውዳሴ አይታው የማታውቅ ፈገግታ ነበር። «እዚህ ወንበር ላይ ዐሥራ አራት ዓመት ‹ፈረንጁ ምን አለ› ስል ኖሬያለሁ። አሁን አንድ ሰው ቢጠይቀኝ፣ እኔ አየሁት፣ እላለሁ።» እስክሪብቷቸውን አወጡ። ጽሑፏ እንዲታተም ሊፈርሙበት ሲሉ ግን አንድ ቦታ ላይ ዓይናቸው ቆመ። «‹ወንዶቹ የተሰበሰቡት በአካባቢው ድንጋይ ፈላጮች ልማድ መሠረት፣ ድንጋዩን በመዶሻ እጀታ ሦስት ጊዜ በማንኳኳት ነው።› ይሄ እንዲህ ይጻፋል?»

«ያለ እሱ ወንድ የለም።»

«‹ተነሱ› ይላሉ ብለሽኝ አልነበር? እሱንስ ለምን ተውሽው?» አሉና ፈረሙ።

የቀረው ስም መስጠቱ ነበር፤ እሱም ለቡ ላይ ተወሰነ። ውዳሴ ለኦቦ ቀጄላ ሸረሪቱን በስማቸው ልትሰይመው እንደምትፈልግ ነገረቻቸው። ሽማግሌው በጥሞና አሰቡበት።

«ሰው ይገድላል?»

«አይገድልም።»

«ይዋለዳል?»

«በደንብ።»

«እንግዲያው በእሷ ስም ይሁን» አሉ ወደ ባለቤታቸው በአገጫቸው እያመለከቱ። «ያየችው እሷ ናት። እኔማ ሳባርር ነው የኖርኩት።»

«ወይኔ ጉዴ! ስሜን ለሸረሪት!» አሉ አዴ ጫልቱ፤ ግን ቅርጫታቸውን አስቀምጠው ነጠላቸውን አስተካከሉ። «በየት አገር ነው የሚነበበው?»

«በዓለም ሁሉ።»

«ለሜሳም ይስማ» አሉ።

ውዳሴ ለቬራ ፓቭሎቭና ቦታውን ለሌላ ሰው እንዲሰጡት ጻፈች፤ እሳቸውም በወሩ «እኮራብሻለሁ፤ አንሶላውን ምን አደረግሽው?» ብለው መለሱላት። ሻንጣው ከአልጋ ሥር ወጥቶ የወይዘሮ አረጋሽ የእህል ማስቀመጫ ሆነ። አንሶላው ታጥቦ ጎፋ ግቢ ውስጥ ሲሰጣ የለቡ አፈር ቀለም አለቅም ብሎት ነበር፤ እናቷ ግን ለጠየቃቸው ጎረቤት ሁሉ «የልጄ የሥራ ዕቃ ነው» ይላሉ።

መጽሔቱ ማተሚያ ቤት በገባ ማግስት ውዳሴ ፖስታ ቤት ሄዳ ለፈረንጁ ቴሌግራም ሞላች። የቴሌግራም ጸሐፊው ቃላቱን በእስክሪብቶው ጫፍ እየነካ ቆጠረና ቀና ብሎ አያት።

«ይቺ የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ባትኖርም መልእክቱ ሙሉ ነው። ልሰርዛት?»

«እሷ ትቆይ» አለች ውዳሴ።

እንደጻፈችው ሄደ። «ወንዱ ተገኘ። ዝርያው አዲስ ነው። ስሙ የለቡዋ ጫልቱ ነው። መሣሪያው አለን።»

የተላከበትን ደረሰኝ ማይክሮስኮፑ ሥር አስቀመጠችው። በዚያ ክረምት መልስ አልመጣም፤ በሚቀጥለውም፣ ከዚያም ወዲህ አልመጣም።